ዳገትና አጥር

ሰው ማንም ሳያስገድደው፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ችግርን ፈልጎ የሚሄድበት ሥፍራ ቢኖር ጨዋታ ነው። በሥራ ላይ ሸክም ሲበዛበት የሚያማርር ሰው ከገበጣ ፊት ሲቀመጥ የተጋጣሚው ደካማነት ያሰለቸዋል። በገና ዕለት ሩሯን ያለ አንዳች ተከላካይ የሚነዳ ቡድንም ደስታ አያገኝም። እንግዲህ ችግር ለጨዋታ እንደ ጨው ነው፤ ቢያንስ አልጫ፣ ቢበዛ የማይቀመስ ያደርገዋል። እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም። ክርክሩ የሚጀምረው ጨው የሚመጥነው ማን ይሁን ሲባል ነው፤ ወጥ ሠሪው ወይስ ተመጋቢው?

ይህ ጥያቄ በቪዲዮ ጨዋታ ዓለም ውስጥ አያሌ ዓመታት የፈጀ ሙግት አስነሥቷል። ፍሮምሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 «ዳርክ ሶልስ»ን፣ በ2019 «ሴኪሮ»ን፣ በ2022 «ኤልደን ሪንግ»ን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ተጫዋቹ ከባድ፣ መካከለኛ፣ ቀላል እያለ የሚመርጥበት ደረጃ አላበጀም። ሁሉም አንድ ዓይነት ጠላት ይገጥማል፤ ይወድቃል፤ ይነሣል፤ እንደገና ይወድቃል። የሥራዎቹ መሪ ሂዴታካ ሚያዛኪ «ሴኪሮ» በወጣበት ወቅት የሰጠው ምክንያት ባጭሩ ሲነገር፣ ተጫዋቾች ሁሉ በአንድ ደረጃ ላይ ቆመው ስለ አንድ ነገር እንዲወያዩ፣ በአንድ ዓይነት ደስታም እንዲደሰቱ መፈለግ ነው።

ከ«ሴኪሮ» አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2018 የወጣው «ሴለስት» ደግሞ ሌላውን መንገድ መርጧል። ታሪኩ ማዴሊን የተባለች ወጣት አንድን ተራራ ለመውጣት የምታደርገውን ትግል ይተርካል። ጨዋታው እጅግ ከባድ ነው፤ ሆኖም የሚፈልግ ሁሉ ፍጥነቱን የሚቀንስበት፣ የማዴሊንን ጉልበት የማያልቅ የሚያደርግበት፣ ሲያሻውም ከሞት የሚድንበት የእርዳታ ክፍል አለው። ሁለቱም ወገኖች ሥራቸውን በቅን ልቡና ያቀረቡ የታወቁ ጥበበኞች ናቸው። ስለዚህ ክርክሩን በሰነፎችና በጀግኖች መካከል የተነሣ አምባጓሮ አድርጎ ማየት አይገባም።

ለአስቸጋሪው ወገን የሚቀርበው መከራከሪያ የዋዛ አይደለም። ችግሩ የሥራው ይዘት እንጂ መጠቅለያው አይደለም ይላል። ጸሐፌ ተውኔት ዕንባ ለማይችሉ ተመልካቾች ሲል የሐዘን ተውኔቱን በሠርግ የሚጨርስበት ሁለተኛ መዝጊያ አያዘጋጅም። ተራራውን ደልድሎ ሜዳ ካደረገ በኋላ «ተራራ ወጣችሁ» የሚልም አስጎብኚ የለም። የተቃራኒው ወገን መልስ አጭር ነው፤ ጎረቤት በቀላሉ ቢጫወት በከባዱ ከሚጫወተው ሰው ላይ የሚጎድል ነገር የለም፤ ስለ ምን ይከለክላል? ይሁንና ሁለቱም ወገኖች «ችግር» የምትለውን ቃል አንድ ትርጉም ብቻ እንዳላት አድርገው ይጠቀሙባታል። ስሕተቱም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ጥያቄው የሩቅ አገር የድሎት ጥያቄ መስሎ የሚታየው ሰው ካለ፣ ከሀቢቾ እስከ ሆሳዕና፣ ከሾኔ እስከ ዱራሜ ባለው ምድር ያለውን ወጣት ያስብ። በኢትዮጵያ ከተሞች እንደ ጆተኒውና እንደ ከረምቡላው ሁሉ ፕሌይስቴሽን ቤትም የወጣቶች መዋያ ሆኗል። በዚያ ቤት ጨዋታ በግጥሚያ ወይም በጊዜ ተሰፍሮ ይሸጣል፤ በብዙ ቦታም ሒሳቡን የሚከፍለው የተሸነፈው ነው። እንግዲህ መቶ ጊዜ አስወድቆ በመቶ አንደኛው ማሸነፍን የሚያስተምር ጨዋታ እዚህ ቤት ቢገባ ምን ይሆናል? መሣሪያው የራሱ የሆነ ተጫዋች መቶ ጊዜ ሲወድቅ የሚያጠፋው ጊዜውን ብቻ ነው። ለምሳ ከተሰጠው ላይ ቀንሶ የመጣው ልጅ ግን እያንዳንዱን ውድቀት በገንዘብ ይገዛል። ጠላቱ አንድ፣ ሰይፉ አንድ፣ ሕጉ አንድ ሆኖ ሳለ ሁለቱ አንድ ጨዋታ አልተጫወቱም። ሁሉንም በአንድ ደረጃ ላይ ለማቆም የታሰበው ሐሳብ ከዚህ ላይ ይሰነጠቃል፤ የቆሙበት መሬት ቀድሞውንም እኩል አልነበረምና።

ሁለቱን የችግር ዓይነቶች ለይቶ ለማየት የሀዲያና የከምባታ ገበሬ ከጓሮው የማያጣው እንሰት ጥሩ አብነት ይሆናል። እንሰት ተተክሎ ለመድረስ ዓመታት ይጠይቃል። ከተፋቀም በኋላ በጉድጓድ ተቀብሮ መብላላት አለበት። ይህን ጊዜ በችኮላ የሚያሳጥር ሰው ደህና ቆጮ አይበላም፤ ቆይታው ራሱ የምግቡ አካል ነውና። ይሁን እንጂ እናቶች እንሰቱን በሳንቃ ላይ ዘርግተው፣ በእግራቸው ደግፈው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ሲፍቁ የሚደርስባቸው የወገብና የትከሻ ሕመም በቆጮው ጣዕም ውስጥ የለም። የመፋቂያ መኪና መጥቶ ያ ሕመም ቢቀር ቆጮው ያው ቆጮ ነው። ቆይታውን የሚያስቀር ምግቡን ያበላሻል፤ ሕመሙን የሚያስቀር ግን የሚጎዳው ማንም የለም። «እናቶቻችን እንዲህ ለፍተው ነው ያሳደጉን» ብሎ መኪናውን የሚቃወም ሰው ባህልን የጠበቀ መስሎት የእናቶችን ሥቃይ ይጠብቃል።

የመጀመሪያው ዓይነት ችግር ዳገት፣ ሁለተኛው አጥር ይባል። ዳገት የሚወጣውን ሰው ይለውጠዋል፤ እግሩን ያጠነክራል፣ ትንፋሹን ያሰፋል፣ ከላይ ሲደርስም ቁልቁል የሚያየው አገር የድካሙ ፍሬ ይሆናል። አጥር ግን ማንንም አይለውጥም፤ አንዱን ያሳልፋል፣ ሌላውን ያስቀራል፤ ሥራው ይኸው ነው። ጣቶቹ እንደ ልብ የማይታዘዙለት ሰው «ሴኪሮ»ን ሲሞክር ከባድ የሚሆንበት የጠላቱ ብልሃት ሳይሆን የመሣሪያው ቁልፍ ትንሽነት ሊሆን ይችላል። ማይክሮሶፍት በ2018 አካል ጉዳተኞች በክርናቸው፣ በእግራቸው ወይም በሌላ አካላቸው እንዲጫወቱ የሚያስችል መቆጣጠሪያ ያወጣው ይህን በመገንዘብ ነው። በዚያ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ከዳገቱ አንዲት ክንድ እንኳ አልተቀነሰለትም፤ የተነሣለት አጥሩ ነው።

አጥርን አንሥቶ ዳገቱን እንዳለ መተው እንደሚቻል የኢትዮጵያ የቅርብ ዘመን ታሪክም ይመሰክራል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ፊደል መቁጠር ለብዙው ገበሬ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ነበር። አንደኛው ፊደሉን መለየት ነው፤ ሁለተኛው ፊደሉ የተጻፈበትን፣ በቤቱ የማይነገረውን ቋንቋ መማር ነው። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ የማስተማሪያ ቋንቋዎቹ 15 ሲደርሱ ሀዲይሳና ከምባቲሳም ከነዚያ መካከል ነበሩ። መጻሕፍቱ የተዘጋጁት በግዕዝ ፊደል ስለ ነበረ የሀዲያው ገበሬ ከፊደል ቁጥር ምሕረት አልተደረገለትም፤ የፊደሉን ዳገት እንደ ማንም በእግሩ ወጣው። የቀረለት የቋንቋው አጥር ነው። ስለ ዘመቻው አፈጻጸም ብዙ ሂስ ሊቀርብ ይችላል፤ ነገር ግን በገዛ ቋንቋው ማንበብ የቻለ ሰው «በቀላሉ ስለ ተማረ አልተማረም» ለማለት የሚደፍር የለም።

ከዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። አጥሩ ይነሣ፤ ነገር ግን ዳገቱን ራሱን የሚያቀልለው ምርጫስ? ቀላል መንገድ ከጎኑ ተከፍቶ ሲያይ ልቡ የማይከፈል ሰው ጥቂት ነው። ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው ሊወጣ የሚችለው ልጅ፣ በሁለተኛው ውድቀት ቀላሉን በር ካየ ሦስተኛውን አይሞክርም። ያን ጊዜ የተሰጠው እርዳታ ያልታወቀ ጉልበቱን ይቀማዋል። ይህ ተቃውሞ እውነት አለው። መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ መልሱን ቶሎ የነገሩት ተማሪ መልሱን ይዞ ሲሄድ ጥያቄውን ጥሎ ይሄዳል።

ለዚህ ተቃውሞ የተሻለውን መልስ የሚሰጠው የቅኔ ቤት ሥርዓት ነው። የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ዝረፍ አይባልም። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ከደረጃ ወደ ደረጃ ይወጣል። መምህሩ ለጀማሪው ሲል መወድስን አላቀለለም፤ መወድስ መወድስ እንደ ሆነ አለ። ለጀማሪው ያበጀለት መሰላል ነው። ከሁሉም በላይ የሚያስገርመው ግን የታችኛው እርከን የውሸት እርከን አለመሆኑ ነው። ጉባኤ ቃና አጭር ቢሆንም ሙሉ ቅኔ ነው፤ ሰም አለው፣ ወርቅ አለው፤ ሊቁም በእርጅናው ዘመን ጉባኤ ቃና ቢያቀርብ አያፍርበትም። ጀማሪውም ጉባኤ ቃናውን አቅርቦ «መወድስ ዘረፍሁ» አይልም። እያንዳንዱ እርከን የራሱ ስም አለው፤ ስሙም አይሰረቅም።

ይኸው ጨዋነት በቀድሞው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ጨዋታም ይገኝ ነበር። በዚያ ጨዋታ ንጉሡን ማርኮ ያሸነፈ ሁሉ አሸናፊ ነው፤ ድሉ ግን ሁሉ እኩል አይወደስም ነበር። በኃያላኑ ጠጠሮች ከተገኘው ድል ይልቅ በደካሞቹ የተገኘው የበለጠ ይደነቅ ነበር። በቀላሉ ያሸነፈው ከገበታው አልተባረረም፤ በከባዱ ያሸነፈውም ምስጋናው አልቀረበትም። የከባዱን መንገድ ክብር የሚጠብቀው የቀላሉ መንገድ መዘጋት ሳይሆን የሁለቱም በትክክለኛ ስማቸው መጠራት መሆኑን እነዚያ ተጫዋቾች ያውቁ ነበር።

ይህ ሁሉ ከጨዋታ ገበታ ላይ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ የመምህራንንና የባህል ሠራተኞችን ጊዜ መውሰድ ባላስፈለገ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሆነ። ያን ጊዜ አንዱ ወገን «እነሆ እውነተኛው ፈተና» ሲል፣ ሌላው ወገን «ማለፊያው ዝቅ ይበል» አለ። የመጀመሪያው ከዳገቱ ሥር የተገተረውን አጥር አላየም፤ መጽሐፍ የሌለበት ክፍል፣ መምህር ያልተሟላለት ትምህርት ቤት፣ ቤተ ሙከራ በስም ብቻ የሚያውቅ ተማሪ የፈተናው ክብደት አካል አይደሉም። ሁለተኛው ደግሞ አጥሩን ትቶ ዳገቱን ሊንደው ፈለገ። ከዚያ ወዲህ ማለፊያ ነጥብ ላላመጡ ከተፈታኞች መካከል ለተመረጡት በዩኒቨርሲቲዎች የተከፈተው የማካካሻ ትምህርት፣ ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም፣ በመርሑ ወደ ቅኔ ቤቱ መሰላል የቀረበ ነው። ስሙ ማካካሻ ነው፤ ማለፍ አልተባለም፤ ተማሪውም በመጨረሻው እንደገና ይመዘናል።

ታዲያ ከባድ ጨዋታ ቀላል ደረጃ ሊኖረው ይገባልን? ለተማሪ ቤትና ለመንግሥት አገልግሎት መልሱ አያወላውልም፤ የሰፊው ሕዝብ የሆነ ነገር አጥር ሊኖረው አይገባም፣ ለዳገቱም መሰላል ሊበጅለት ግዴታ ነው። ጥበበኛ ግን ግዴታ የለበትም። ሚያዛኪ ተራራውን እንደ ፈለገው ሊያቆመው መብቱ ነው፤ ሐያሲም «ለምን አላቀለልኸው?» ብሎ ሊከስሰው አይችልም። ሊጠይቀው የሚችለው አንድ ጥያቄ ነው፤ «የጠበቅኸው ዳገቱን ነው ወይስ አጥሩን?» የሚል። የጽሑፉን ፊደል ማተለቅ፣ ቁልፎችን እንደ እጁ ማስተካከል፣ ጨዋታውን በመሐል ማቆምና ማስቀመጥ መቻል ከዳገቱ የሚቀንሱት አንዳች ነገር የለም። ይህን የነፈገ ጥበበኛ ለጥበቡ ሲል አልነፈገም።

ዳገቱን የሚያቀልለውን ምርጫ በተመለከተ ደግሞ የአንዱ ሰው ዳገት ለሌላው አጥር ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። የየሰውን ክንድና ኪስ ሠሪው ከሩቅ ሆኖ አያውቅም፤ የሚያውቀው ወጪው ራሱ ነው። ስለዚህ ምርጫው በስሙ ተጠርቶ፣ ውርደት ሳይለጠፍበት፣ ሽልማትም ሳይሰረቅበት ቢቀርብ የተሻለ ነው። በሚችለው ዳገት ላይ ራሱን ያታለለ ተጫዋች የሚያታልለው ሌላ ሰው የለም፤ ሒሳቡ ከራሱ ጋር ነው። በሩ የተዘጋበት ሰው ግን ራሱን እንኳ የሚፈትንበት ዕድል አላገኘም።

በአዲስ አበባ ኩኩሉ የተባለውን የስልክ ጨዋታ የሠሩ ወጣቶች ድርጅታቸውን «ቅኔ» ብለው መሰየማቸው ለዚህ ነገር መልካም ምልክት ነው። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ነገ ጨዋታ የሚሠራ ወጣት ቢነሣ የአገሩ ቅርስ ሁለቱንም ያስተምረዋል። መወድስን ዝቅ አታድርግ ይለዋል፤ ጉባኤ ቃናንም አትናቅ ይለዋል። ዳገቱን ረጅም አድርጎ ይሥራው፤ ነገር ግን ከመሥራቱ በፊት ከሥሩ ያለውን አጥር ይንቀል። ያን ጊዜ ከጫፍ የደረሰው ሰው ስለ ድሉ ሲናገር ቃሉ የሚታመን ይሆናል፤ ከግማሽ የቀረውም የቀረው በእውነት ዳገቱ በርትቶበት እንጂ ከበሩ ተመልሶ አይሆንም።