ባያድነንስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ምእመናን ሆይ፣ በጾመ ነቢያት ውስጥ ታኅሣሥ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤልን በዓል እናከብራለን። ከእናንተ መካከል ቁልቢ ድረስ በእግሩ የሄደ፣ ጃንጥላ የተሳለ፣ ስለቱ የሰመረለት ብዙ ሰው አለ። ሥዕሉንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፦ ሦስት ልጆች በነበልባል መካከል ቆመው፣ መልአኩ ክንፉን ዘርግቶ።

ብዙ ጊዜ የምንረሳው ግን አንድ ነገር አለ። እነዚህ ልጆች ተማሪዎች ነበሩ። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1 ላይ እንደምናነበው አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከዳንኤል ጋር ከአገራቸው ተወስደው በባቢሎን ቤተ መንግሥት 3 ዓመት እንዲማሩ ታዘዘላቸው። የንጉሡን ጮማና ጠጅ እምቢ አሉ፤ ጥራጥሬና ውኃ ይበቃናል ብለው 10 ቀን ተፈተኑ። በእኛ አገር ቋንቋ እኮ የቆሎ ተማሪዎች ማለት ነው!

የቆሎ ተማሪን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ቤተ ልሔም ሲባል የአንዳንዶቻችሁ ሐሳብ ወደ ይሁዳዋ ከተማ ይሄድ ይሆናል። እኔ የምለው የጋይንቱን፣ በደቡብ ጎንደር የሚገኘውን የድጓ ምስክር ቤት ነው። የቅዱስ ያሬድን ድጓ የሚማር ሰው ከየትም አገር ይምጣ፣ በመጨረሻ የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። የዝማሬ መዋሥዕቱም ምስክር ቤት ዙር አባ በዚያው በደቡብ ጎንደር ይገኛል። እንዲህ ባሉ ጉባኤ ቤቶች ዙሪያ ተማሪው የሚያድረው ራሱ በሠራት ጎጆ ነው። ግድግዳዋ እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኗ ሣር፣ በሯ ጎንበስ ተብሎ የሚገባባት አንዲት ጠባብ በር። በአንዳንድ ቦታ ዛሬ ቆርቆሮ ገብቷል፤ በብዙው ግን ነገሩ እንደ ጥንቱ ነው። ተማሪው ቀን በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ሲለምን፣ ከውሻ ጋር ሲታገል ይውላል። ማታ በኩራዝ ወይም በጭራሮ እሳት ብርሃን ይቀጽላል። ከዚያ እንቅልፍ ይጥለዋል። አንዲት ፍንጣሪ ትበቃለች። ሣር ክዳን አንዴ ከተያያዘ ጊዜ አይሰጥም፤ ነፋስ ካለማ ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው ይዘላል። የድጓ ተማሪ ደግሞ በልማዱ መጽሐፉን በገዛ እጁ የሚጽፍ ነው፤ የዓመታት ድካሙ ራስጌው ተቀምጧል። ከወጣ በኋላ ተመልሶ ወደ እሳቱ የሚያስገባው ነገር ቢኖር ገንዘብ አይደለም፣ እርሱ ነው።

እስቲ አሁን አስቡት። እንዲህ ካለች ጎጆ ሁለት ጓደኛሞች ተኝተው አንዱ ቢወጣና አንዱ ቢቀር፣ የወጣው ምን ይላል? «ገብርኤል አወጣኝ» ይላል። ደግም ይላል፤ ምስጋና ነው፤ ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ የቀረው ልጅ እናት ቆማ ይህን ምስጋና ትሰማለች። «የእኔንስ ልጅ ምነው?» ብትል ምን እንመልስላታለን? የዛሬው ጽሑፋችን ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄው የሣር ጎጆ ብቻ አይደለም። ጥር 10 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ እኛ በከተራ ታቦታቱን አጅበን ልንወርድ በምንሰናዳበት ዕለት፣ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ በሚገኘው ሴተን ሆል ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ማደሪያ ተቃጠለ። ሰዓቱ በእነርሱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ግድም ነበር። በሕንፃው ውስጥ 600 ያህል ተማሪ ተኝቷል። የእሳት ማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸ። ብዙዎቹ ግን ከአልጋቸው አልተነሡም፤ ምክንያቱም ከትምህርቱ መጀመሪያ አንሥቶ ያ ደወል 18 ጊዜ ያህል በከንቱ ጮኾ ነበር። «ደግሞ ጀመረው!» ብለው ብርድ ልብሳቸውን ተከናነቡ። በዚያች ሌሊት 3 ልጆች ሞቱ፤ ከ50 በላይ ቆሰሉ። በአንድ ክፍል የሚኖሩ ሁለት ጓደኛሞች በጭሱ ውስጥ በእጅና በጉልበታቸው ሲድኹ ተጠፋፉ፤ ሁለቱም በጽኑ ተቃጥለው ተረፉ፤ ከሁለቱ አንዱ የተቃጠለው ከግማሽ በላይ ሰውነቱን ነው። አንድ ኮሪደር፣ አንድ ጭስ፣ አንድ ሌሊት። አንዱ ወጣ፣ ሌላው ተቃጠለ። ታዲያ እግዚአብሔር የወደደው የትኛውን ነው?

ይህን ጥያቄ ጌታችን ራሱ አንሥቶታል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱ 18 ሰዎች ሲናገር፣ እነዚያ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠይቆ፣ አይደለም ብሎ መለሰ። ንስሐውንም ለሞቱት ሳይሆን ቆመው ለሚሰሙት ሰጣቸው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን ደግሞ ልብ ብላችሁ አንብቡ። ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው። በዚያው ምዕራፍ፣ ጥቂት ቁጥር ዝቅ ብሎ፣ መልአክ መጥቶ ጴጥሮስን ከእስር ቤት አወጣው። ያዕቆብ ከጴጥሮስ ያነሰ ነበርን? ደብረ ታቦር አብረው የወጡ አይደሉምን? ከአንድ እጅ የተቆረሰላቸው አይደሉምን? ከእኛም አገር ብንወስድ፣ ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ አባቶቻችን ንብ ተነሥቶ ጠላትን አባረረ ይላሉ። የሌሎቹ አድባራት ታቦታት ግን ክብራቸው ያንስ ነበር የሚል ጎንደሬ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ያጋጥመኛልም ብዬ አላስብም።

ስለዚህ መትረፍ የጽድቅ ወረቀት አይደለም። አለመትረፍም የኃጢአት ማስረጃ አይሆንም። «ምን ሠርቶ ይሆን?» የሚለው ሐሜታችን ከሬሳ ላይ መጠየቅ ነው፤ በጾም ደግሞ ከሥጋ ብቻ አይደለም የምንጾመው።

አሁን ወደ ሦስቱ ተማሪዎች እንመለስ። በዓሉን የምናከብረው ከእሳት ስለወጡ ይመስለናል። ነገር ግን ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ቁጥር 17ና 18ን ስናይ፣ ትልቁ ነገር ገና ወደ እሳቱ ሳይገቡ አልቆ ነበር። ለንጉሡ ሲመልሱ አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል መሰከሩ። እዚያ ላይ ግን አላቆሙም። ሳያድናቸው ቢቀር እንኳ ለወርቁ ምስል እንደማይሰግዱ ጨመሩ። እምነታቸው የመልአኩን መምጣት አልጠበቀም። መልአኩ ባይመጣና እዚያው ዐመድ ሆነው ቢቀሩ ኖሮ እምነታቸው አንዲት ነጥብ አትጎድልም ነበር፤ ሰማዕታት ብለን እናከብራቸው ነበር። መልአኩ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ የእነርሱ ደመወዝ አይደለም። በእሳቱ መካከል አዛርያ የጸለየውን ጸሎትም ስታዩ፣ «ለምን እኛ?» የሚል ቃል አታገኙበትም፤ የሕዝቡን ኃጢአት የራሱ አድርጎ ይናዘዛል። ከዚያ ሦስቱም ፍጥረትን ሁሉ ለምስጋና ሲጠሩ እሳቱን ራሱን ሳይቀር ይጠሩታል። እኔን ይህ ይደንቀኛል። (እነርሱን የጣሉት ወታደሮች በዚያው ወላፈን መሞታቸውን መጽሐፉ በቁጥር 22 ይናገራል። እነርሱም የሰው ልጆች ነበሩ፤ የታዘዙትን አደረጉ። ሥዕሉ ላይ ማንም አያያቸውም።)

ግን ደግሞ አደራችሁን፣ ከዚህ ተነሥተን ሁሉንም «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብለን እንዳንዘጋው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። መጋቢት 17 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ በዐቢይ ጾም ወራት፣ በጎረቤታችን ኬንያ ማቻኮስ አጠገብ በኪያንጉሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 67 ወንዶች ልጆች በማደሪያቸው ተቃጥለው ሞቱ። እሳቱን ቤንዚን ያርከፈከፈ ሰው አስነሣው። የማደሪያው አንዱ በር ተቆልፎ ነበር፤ መስኮቶቹም ብረት ነበረባቸው። በሩን የቆለፈው እግዚአብሔር ነውን? በሴተን ሆልም እሳቱን የለኮሱት ሁለት ተማሪዎች ናቸው፤ ለቀልድ ብለው ከግድግዳ የወረደ ማስታወቂያ ሶፋ ላይ አቃጠሉ፤ ጥፋታቸውንም አምነው በ1999 ዓ.ም. የ5 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በዚያ ማደሪያ ጣሪያ ላይ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ አልነበረም። ከሐዘኑ በኋላ፣ ገና ዓመት ሳይሞላ፣ የኒው ጀርሲ ግዛት በተማሪዎች ማደሪያ ሁሉ እንዲገጠም ሕግ አወጣ። ይቻል ነበር ማለት ነው። ቀድሞም ይቻል ነበር።

የኦሪት ዘዳግም ሕግ በምዕራፍ 22 ቁጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲሠራ ያዝዛል፤ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ልብ በሉ፦ መከታ ሳይሠራ «መላእክት ይጠብቁታል» ያለ ሰው ደሙ በእርሱ ነው። እንዲያውም መላእክት ይይዙሃልና ራስህን ወርውር ያለው ማን እንደሆነ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ታገኙታላችሁ። ጌታችንም ወደ ታች አልወረደለትም። እኛ ግን ስንት ጊዜ እንወርዳለን? ክረምት ሲገባ ከሰል አቀጣጥለን፣ በርና መስኮት ዘግተን፣ ተማምነን እንተኛለን። የከሰሉ መርዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። በቤት ቃጠሎም ቢሆን ብዙውን ሰው ነበልባሉ ሳይደርስበት ጭሱ ይቀድመዋል። አየሩ ከታች ይሻላልና በሆድ ተንፏቆ መውጣት ነው፤ ለልጆቻችሁ ይህን ንገሯቸው። ከወጡ በኋላም ለምንም ነገር፣ ለመጽሐፍም ቢሆን፣ እንዳይመለሱ። ድጓ ድጋሚ ይጻፋል።

ያቺ እናትስ? የኢዮብ ወዳጆች መጥተው 7 ቀንና 7 ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ። በታሪኩ ሁሉ ደግ የሠሩት እነዚያን 7 ቀኖች ነው። አፋቸውን ሲከፍቱ አበላሹት። ለልጇ እናት «ለበጎ ነው» የሚል ሰው እዚያ ድንኳን ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ቡና ያፍላ፣ ውኃ ይቅዳ፣ አብሯት ይቀመጥ። ለወጣውም ልጅ እንዲሁ። «አንተን ያወጣህ ለትልቅ ነገር ነው» እያልን የማይችለውን ሸክም አንጫንበት። እርሱ ሌሊት ሌሊት የጓደኛውን ድምፅ የሚሰማ ልጅ ነው። ይተኛ። ሲነሣ ይጸልይ፤ የጓደኛውን ስም በቅዳሴ ያስጠራ፤ የቀረውን ትምህርቱን ይማር።

ታኅሣሥ 19 ስለት ስታስገቡ፣ ጧፍና ጃንጥላ መልካም ነው። ከዚያ ጋር ግን በአካባቢያችሁ ያለውን ጉባኤ ቤት ጎብኙት። የተማሪዎቹን ጎጆዎች ቁጠሩ፤ አንዱ ከሌላው ምን ያህል እንደሚራራቅ እዩ። ለእያንዳንዷ ጎጆ በፀሐይ የሚሠራ አንዲት የእጅ መብራት ብትገዙ ኩራዙ ይወጣል። ከበሩ አጠገብ አንድ እንስራ ውኃና አሸዋ የሞላ ጆንያ ይቀመጥ። በሩም ከውጭ የሚቆለፍ እንዳይሆን መምህሩን፣ የኔታን፣ በትሕትና ጠይቋቸው።