ሰውን ከሩቅ ማወቅ

የድረ ገጽና የስልክ መተግበሪያ ሠሪዎች ሥራቸውን ከሚፈትሹባቸው መንገዶች አንዱ ተጠቃሚውን ከሩቅ ማጥናት ነው። ጥናቱ በስልክ ጥሪ ወይም በቪዲዮ ይካሄዳል፤ አንዳንዴም ተጠያቂው ስክሪኑን ያጋራና የተሰጠውን ሥራ የሚያስበውን ጮክ ብሎ እየተናገረ ይሞክራል፣ አጥኚው ደግሞ ይመዘግባል። ወጪው አነስተኛ ነው፣ ውጤቱም ቶሎ ይደርሳል። ከሥሩ ግን ፈላስፎች ሲከራከሩበት የኖሩት ጥያቄ አለ፤ ፊት ለፊት የተቀመጠን ሰው ሐሳብ እንኳ ማየት ካልተቻለ፣ ከሩቅ ሆኖ የሚታወቀው ምንድን ነው? ምእመናን ልብን የሚመረምር ፈጣሪ ብቻ ነው ይላሉ። ይህ እምነት አጥኚን ከሥራው አይከለክልም፤ የሚናገረውን ግን ይገድብበታል።

ከሩቅ ማየት ለአዲስ አበባው እንጦጦ ተራራ እንግዳ ነገር አይደለም። ተራራው ላይ ባለው የጠፈር ምርምር ማዕከል እያንዳንዳቸው ባለ1 ሜትር መስታወት የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃ መቀበያ ጣቢያም እዚያው ተተክሏል። ኮከብም ሆነ ከሰማይ ፎቶ የሚነሣ ማሳ መታየቱን አያውቅምና አያፍርም፣ አያስመስልም። ሰው ግን እንደታየ ሲያውቅ ሌላ ሰው ይሆናል። የሩቅ ጥናት ዋናው ችግር የመጣው ከዚህ እንጂ ከኪሎሜትሩ አይደለም።

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንዲት እናት ገንዘብ መላኪያ መተግበሪያ እንዲሞክሩ ተጠየቁ እንበል። ደዋዩ ወጣት ነው። «እንደምን ዋሉ እናቴ?» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ እንዴት ነህ ልጄ?» ይሉታል። ስለ ገጹ ሲጠይቃቸው «ጥሩ ነው፣ ምንም አይልም» ብለው ያልፋሉ። አንዴ ልጄ ካሉት በኋላ የለፋበትን ማጣጣል ነውር ነው፤ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ከዚያ የምስጢር ቁጥር የሚገባበት ገጽ ላይ ጣታቸው ይቆማል። አጥኚው «ግራ ተጋቡ» ብሎ ይጽፋል። እውነቱ ግን ብዙ ሊሆን ይችላል። ቀሪ ሂሳባቸውን ባዕድ እንዳያይባቸው ፈርተው ይሆናል። ስልኩ የልጃቸው ሆኖ ቁጥሩን የምታውቀው እሷ ብቻ ትሆናለች። ጎረቤት በር አንኳኩታ፣ ወይም የዳታ ጥቅሉ አልቆ ሊሆንም ይችላል። አብሯቸው የተቀመጠ ሰው ክፍሉን በማየት ብቻ ግማሹን ግምት ይጥለው ነበር። ስክሪኑ የሚያሳየው መቆማቸውን ነው፤ ለምን እንደቆሙ የሚጽፈው አጥኚው ነው።

ራሳቸውን መጠየቅም ሙሉ መፍትሔ አይሆንም። ሪቻርድ ኒስቤትና ቲሞቲ ዊልሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ1977 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሰዎች ለገዛ ድርጊታቸው የሚሰጡት ምክንያት ብዙ ጊዜ ውስጣቸውን አይተው ያገኙት ሳይሆን ያስኬዳል ብለው የገመቱት መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ ቦታው ሩቅ መሆኑ አለማወቅን አልፈጠረም፤ ድሮም የነበረውን አለማወቅ ገልጦ አሳየ እንጂ። ጥሩ አጥኚ ይህን ስለሚያውቅ «ወደዱት?» አይልም። «ባለፈው ገንዘብ የላኩት ለማን ነበር? እንዴት ላኩ? ማን ረዳዎት?» ይላል፤ ገጹን የሠራው እሱ እንዳልሆነም አስቀድሞ ይናገራል። የሆነን ነገር መተረክ ማንንም አያስቀይምም።

ከእውቀቱ ጥያቄ ይልቅ የሚከብደው የሥነ ምግባሩ ነው። ፈላስፋው ካንት በ1785 (እ.ኤ.አ.) ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ መጠቀም እንደማይገባ ጽፏል። «እናቴ» የሚለው አጠራር የእውነት ከሆነ በጠሪው ላይ የልጅነት ግዴታ ይጥላል፤ አፍ ማስከፈቻ ብቻ ከሆነ ግን ጨዋ የሚመስል ማታለል ነው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ለንስሐ አባት የሚነገረው ምስጢር ለተናጋሪው ፈውስ የሚሆን ነው፣ አባትየውም እንዳያወጡት የታሰሩ ናቸው። በጥናት የሚነገረው ግን በመጀመሪያ የሚጠቅመው ጠያቂውን ነው፤ ለዚህም የጠያቂው ዕዳ ይበዛል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የባለቤቱን ፈቃድ የግል መረጃን ለመጠቀም አንዱ መሠረት አድርጎታል። ይሁንና በይሉኝታ የተባለ «እሺ» በወረቀት ላይ ፈቃድ ቢመስልም በኅሊና ፊት ፈቃድ አይደለም። እምቢ ማለት ነውር እንደማይሆን ተጠያቂው በግልጽ ሊነገረው ይገባል። በዚያች ክፍል ለቡና የመጣች ጎረቤት ብትኖር የእሷም ድምፅ ይቀዳል፤ እሷን ደግሞ የሚጠይቃት የለም።

ከጥሪው ውጭ የሚቀሩትም አሉ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. የዓለም ባንክ የኮቪድን ጉዳት ለማወቅ በኢትዮጵያ ከ3,200 በላይ ቤተሰቦችን በስልክ ማነጋገር ጀመረ። ስልክ የሌለው ቤተሰብ እንደማይገኝ አዘጋጆቹ ስለሚያውቁ ውጤቱን በስሌት ለማካካስ ሞክረዋል፣ ጉድለቱንም አልደበቁም። ስሌት ቁጥርን ያቃናል፤ ያልተጠየቀ ሰው ምን ይል እንደነበር ግን አይነግርም። ከእንጦጦ ደን ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች በስክሪን ማጋራት ጥናት ውስጥ የሚገቡበት መንገድ የለም። በዝርዝሩ ስላልተገኙ «ተጠቃሚ አይደሉም» ተብሎ ይደመደማል፤ ቀጥሎም አገልግሎቱ እነሱን ሳያስብ ይሠራል፣ እነሱም አይጠቀሙበትም፣ ድምዳሜውም ትክክል ይመስላል።

እንግዲህ በሩቅ ጥናት ሪፖርት ላይ «ሰዎቹ ይህን ገጽ ከፈቱ፣ እዚህ ላይ ቆሙ፣ ይህን አሉ» ብሎ መጻፍ ተገቢ ነው። «የየካ ነዋሪ ይህን ይፈልጋል» ለማለት ግን ስክሪኑን ዘግቶ የካ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል።