ሥልጣንና ዕዳ፦ የመዥገር ክትባት የሚያነሣው የሥነ ምግባር ጥያቄ

ሰው በእንስሳት ላይ ያለው ሥልጣን የሚጸድቀው በምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በሃይማኖት ሊቃውንትም ሆነ በፈላስፎች ዘንድ ጥንታዊ ነው፤ የዘመኑ የእንስሳት ሕክምና ግን ጥያቄውን ከጥቅል ሐሳብነት አውጥቶ በአንዲት ላም ገላ ላይ ያሳርፈዋል። ከብትን ከመዥገር ለመጠበቅ የሚዘጋጀው የፔፕታይድ ክትባት ለዚህ ዓይነተኛ ማሳያ ነው፤ የተከተበችውን ላም ከመነከስ አያድናትምና፣ ዋነኛ ጥቅሙም የሚታየው ቀስ በቀስ በመንጋው ላይ ነውና።

አሠራሩን ማወቅ ለጥያቄው መሠረት ነው። ሪፒሴፋለስ ማይክሮፕለስ የተባለው የሐሩር አገር መዥገር ከእጭነት እስከ ሙሉ አካልነት ያለውን ዕድገት በአንድ ከብት ላይ በሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጽማል፤ ደም የጠገበችው እንስትም መሬት ላይ ወድቃ ከ2000 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1980ዎቹ በዚህ መዥገር የአንጀት ሕዋሳት ገጽ ላይ ቢኤም86 የተሰኘ ፕሮቲን ለይተው አወቁ፤ በእርሱ ላይ የተመሠረቱ ክትባቶችም በ1990ዎቹ በኩባና በአውስትራሊያ ለአርቢዎች ቀረቡ። ላሟ ስትከተብ ሰውነቷ ይህን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ፣ ማለትም ባዕድ ነገርን የሚከላከል የደም ፕሮቲን፣ ያመነጫል፤ መዥገሩ ከደሟ ጋር አንቲቦዲውን ሲጠጣ አንጀቱ ይጎዳል፤ ከዚህም የተነሣ የሚጠግቡት መዥገሮች ያንሳሉ፣ የሚጥሉት እንቁላልም ይቀንሳል።

ፔፕታይድ የፕሮቲን መገንቢያ የሆኑት አሚኖ አሲዶች በአጭሩ የተያያዙበት ሰንሰለት ነው። በብራዚል የቪሶዛ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ጆአኪን ኤርናን ፓታሮዮና ባልደረቦቻቸው ከ600 በላይ አሚኖ አሲዶች ካሉት ከቢኤም86 ውስጥ የተመረጡ ቁራጮችን በኬሚካላዊ መንገድ አያይዘው ኤስቢኤም7462 የተባለውን ፔፕታይድ ሠሩ፤ በ2002 ባሳተሙት ጥናትም ከ80 በመቶ በላይ ውጤታማነት ማግኘታቸውን ገለጹ።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ቁጥር ነው። የዚህ ዓይነቱ ውጤታማነት የሚሰላው የጠገቡትን እንስት መዥገሮች ብዛት፣ የእንቁላላቸውን ክብደትና የመፈልፈል አቅሙን ካልተከተቡ ከብቶች ከተገኘው ጋር በማነጻጸር ነው፤ ስለዚህ የሚለካው የመዥገሩ መራባት እንጂ የላሟ እፎይታ አይደለም። ጄረሚ ቤንታም በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እንዳስተማረው ለእንስሳት የሚገባው አክብሮት የሚመዘነው በማሰብ ወይም በመናገር ችሎታቸው ሳይሆን ሥቃይ ሊሰማቸው በመቻሉ ከሆነ፣ የአንዲት ላም ገላ ለመንጋው ጥቅም መሣሪያ የሚሆንበት ሥራ በቂ ምክንያት ሊቀርብለት ይገባል። መርፌውን የምትቀበለው፣ በሙከራው በረትም ሆን ተብሎ መዥገር የሚለቀቅባት እርሷ ናት፤ ፈቃዷን ግን ማንም ሊጠይቃት አይችልም።

ቀላሉ መልስ የብዙዎች ጥቅም የአንዷን ሸክም ይበልጣል የሚለው ነው፤ ነገር ግን ይህ መልስ ብቻውን ከቆመ ማንኛውንም ጭካኔ በብዛት ስም ሊያጸድቅ ይችላል። የሃይማኖት ትውፊት የሚሰጠው መሠረት ከዚህ ይጠልቃል። የኦሪት ሕግ የሰንበትን ዕረፍት ለበሬም ይደነግጋል፤ የጠላት አህያ እንኳ ከሸክሙ በታች ወድቆ ቢገኝ እንዲረዱት ያዝዛል። በእስልምናም የነቢዩ ሐዲስ ድመት አሥራ በረሃብ የገደለች ሴት እንደተቀጣች፣ የተጠማ ውሻ ያጠጣም ምሕረት እንዳገኘ ያስተምራል። እነዚህ ትእዛዛት እንስሳውን በቁጥር ሳይሆን አንድ በአንድ ያዩታል፤ ስለዚህም ሥልጣን ማለት በእያንዳንዱ ፍጡር ፊት ባለዕዳ መሆን ማለት ይሆናል።

በዚህ መመዘኛ ሲታይ ክትባቱ ይጸድቃል፤ የሚጸድቀው ግን ግዴታ ተሸክሞ ነው። ሸክሙ አነስተኛ ነው፤ የተከተበችው ላምም የመንጋው አካል ስለሆነች በመስኩ ላይ እጭ ሲቀንስ እርሷም ተካፋይ ትሆናለች። ከዚህም በላይ ክትባቱ መዥገር የሚለምደውን፣ በወተትና በሥጋም ቅሪቱ ሊገኝ የሚችለውን የኬሚካል ርጭት ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ቢኤም86 በመዥገሩ አንጀት ውስጥ የተሰወረ በመሆኑ መዥገር ሲነክሳት የላሟ ሰውነት አያውቀውም፤ ንክሻው መከላከያዋን ስለማያድስላት መርፌው እየተደጋገመ መሰጠት አለበት። ጠባቂው አንድ ጊዜ ከትቦ ዘወር ማለት አይችልም፤ የክትባቱ ባሕርይ ራሱ የማያቋርጥ ጥበቃን ይጠይቃል።

መዥገሩም ፍጡር ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት ፍጥረታት ለአንክሮና ለተዘክሮ፣ ማለትም ፈጣሪን ለማድነቅና ለማሰብ፣ እንደተፈጠሩ ያስተምራልና ተቃውሞው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሆኖም ክትባቱ የመዥገሩን ብዛት ይቀንሳል እንጂ ዘሩን ከምድር አያጠፋም፤ የተዳከመን ጥጃ ለማዳን ጥገኛውን መግታትም ከጠባቂነት ድርሻ አይወጣም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ቅርብ ነው። የማይክሮፕለስ የቅርብ ዘመድ የሆነው ሪፒሴፋለስ ዲኮሎራተስ በአገሪቱ የተለመደ ነው፤ መዥገር ከበሽታ አስተላላፊነቱ በተጨማሪ ቆዳና ሌጦንም ያበላሻል። አምብሊዮማን የመሳሰሉ ሌሎች የመዥገር ዓይነቶችም ስላሉ ለአንዱ ብቻ የተሠራ ክትባት መላውን ችግር አይፈታም። ለኢትዮጵያ ከብቶች የሚመራመሩ ሊቃውንት ስለዚህ በመዥገሩ እንቁላል ልኬት ሳይወሰኑ የላሟን ክብደት፣ የጥጃዋን ጤናና የቆዳዋን ደኅንነት በውጤታማነት ስሌት ውስጥ ሊያስገቡ ይገባል፤ ሰው በእንስሳት ላይ ያለውን ሥልጣን በጥበቃ የሚያጸድቅ ከሆነ፣ የሥራው ውጤት በመጀመሪያ መመዘን ያለበት በተጠባቂዋ ደኅንነት ነው።