ስለ ጠፉት ፍጥረታት

በእንግሊዝ አገር ደቡባዊ ጠረፍ በምትገኘው በላይም ሪጂስ ከተማ፣ የክረምቱ ማዕበል የባሕሩን ገደል እየናደ በጣለ ቁጥር፣ ከፍርስራሹ መካከል ድንጋይ የሆነ ዐፅም እየለቀመች በመሸጥ የምትተዳደር ሜሪ አኒንግ የምትባል የአናጢ ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1811 ወንድሟ የአንድ እንግዳ አውሬ ራስ ቅል ቢያገኝ፣ እርሷ ገና በልጅነቷ በተከታዩ ዓመት የቀረውን አካል አወጣች፤ ሊቃውንት በኋላ ኢክትዮሶር ያሉት ይህ ፍጥረት ዳይኖሰር ሳይሆን በዚያው ዘመን በባሕር የኖረ፣ መልኩ ዓሣ፣ ባሕርዩ ግን ከተሳቢ እንስሳት ወገን የሆነ ነው። በ1823 ያገኘችው፣ ፕሊዚዮሶር የተባለው ሌላ የባሕር አውሬ ደግሞ አንገቱ እጅግ ከመርዘሙ የተነሣ፣ የፈረንሳዩ ሊቅ ኩቪዬ እንኳ አስቀድሞ ተጠራጥሮ ኋላ እውነተኛነቱን ተቀበለ።

የምእመናንን ልብ ያስጨነቀው ግን የእነዚህ አራዊት ፈጽሞ መጥፋት ነበር፦ ፍጥረቱን ሁሉ መልካም አድርጎ የፈጠረ አምላክ አንዱ ወገን ፈጽሞ እንዲጠፋ እንዴት ይፈቅዳል?

እኔ እንደሚመስለኝ ጥያቄው የሚከብደው ፍጥረት ሁሉ ለእኛ ጥቅም ብቻ ተፈጠረ ብለን ስለምናስብ ነው። እነዚህ አራዊት፣ አዳም ስም ሳያወጣላቸው፣ ከ200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ የሰው ዐይን ሳያያቸው ኖረዋል፤ ድንጋይ በሆነው ኩሳቸው ውስጥ የዓሣ አጥንትና ቅርፊት መገኘቱም ፈጣሪ ያን ጊዜ ሲሳያቸውን እንዳልነፈጋቸው ይመሰክራል። መጥፋታቸው መናቃቸው አይደለም።

ሜሪ አኒንግ በ1847 አርፋ የተቀበረችው በዚያችው ከተማ፣ በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው።