የቆየ መዝገብ የማን ነው?

ሰው ከየት እንደ መጣ ለማወቅ መፈለጉ ከባሕርዩ የሚመነጭ ነገር ነው። ሕፃን አፉን እንደ ፈታ ስሙን ይጠየቃል፤ ቀጥሎም የአባቱን፤ ጥቂት ከፍ ሲል የአያቱን። በአማርኛ ይህን ተርታ የትውልድ ሐረግ እንለዋለን፤ ሐረግ በዛፍ ላይ እየተጠመጠመ ወደ ላይ የሚወጣ ነው። በኦሮምኛ ደግሞ ሂዳ ይባላል፤ ትርጓሜውም ሥር ማለት ነው፤ ሥር ወደ ታች እየጠለቀ ይሄዳል። አንዱ ቋንቋ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይመልከት እንጂ የሁለቱም ነገር አንድ ነው፤ ሰው ብቻውን የበቀለ አይደለም ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ጥያቄ ይህ ነው፤ የአባቶች ስም የሰፈረበት የቆየ መዝገብ የማን ነው? ጠብቆ ያቆየው ሰው ነውን? የሚያስቀምጠው መሥሪያ ቤት ነውን? ወይስ ስሙ የተጻፈበት ሰውና ከእርሱ የተወለደው? ነገሩ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። በካቺሲ፣ በጊንጪ፣ በአምቦና በጌዶ፣ በሌላውም ከተማ በመዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ፣ አንድ ሽማግሌ ገብተው «ልጄ፣ የአባቴ አባት ስም ከእናንተ ዘንድ ይገኝ ይሆን?» ባሉት ቀን ይገጥመዋል። መልሱ «የለም፣ አባቴ» ቢሆን፣ ያ «የለም» ተፈልጎ የታጣ ነው ወይስ ሳይፈለግ የተባለ? የሕሊና ነገር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ካቺሲ የግንደበረት ወረዳ ከተማ ናት። የግንደበረት ደጋ በስተ ሰሜን ወደ ዓባይ ሸለቆ ያዘቀዝቃል፤ ከሸለቆው ማዶ ጎጃም ነው። በወንዙ ወዲህና ወዲያ ትውልድ ሲቆጠር የኖረው ለየቅል በሆነ ምክንያት ነው። ወዲህ፣ በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ፣ ልጅ የአባቶቹን ስም ተራ በተራ በቃሉ ይማር ነበር፤ ከአንድ ጎሳ የሆኑ ስለማይጋቡም ጎሳውን ያላወቀ ጎልማሳ ሚስት ለማጨት አይችልም። ዘመንም የሚለካው ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ በሚተላለፍበት በገዳ ሥርዓት ነበር፤ ይህም ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ወዲያ ማዶ ግን ትውልድ መቁጠር፣ እስከ ሰባት ቤት ያለውን ዘመድ ከማግባት ለመጠበቅ ከመርዳቱ ሌላ፣ ዋነኛ የርስት ጉዳይ ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን፣ በእናቱም ሆነ በአባቱ በኩል፣ ቆጥሮ ያስረዳ ሰው ድርሻ ይጠይቃል፤ ከሐረጉ መካከል አንድ ስም የጠፋበት ሰው ግን ድርሻውም ይጠፋበት ነበር።

ከዚህ የተነሣ የትውልድና የመሬት ወረቀት ሁሉ የሚሸሸግ ነገር ሆኖ ኖረ። የግብር ደረሰኙ፣ የፍርድ ግልባጩ፣ መሬቱ በቃላድ የተለካበት ወረቀት በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሣጥን ግርጌ ይቀመጣል። በገዳማትና በአድባራትም የርስትና የጉልት ቃል በወንጌል ኅዳግ ላይ ይጻፍና መጽሐፉ ከዕቃ ቤት ይቆለፍበታል። ይህ መሸሸግ በዘመኑ ጥበብ እንጂ ንፉግነት አልነበረም፤ ወረቀቱን ያሳየ ሰው ለባላጋራው መንገድ አሳየ ማለት ነበርና። ነገር ግን በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት መሆኑ ሲታወጅ በሩቅ አያት ስም መሬት መጠየቅ ቀረ። ዛሬ በገጠር የውርስ ክርክር ቢነሣ በወላጅ ይዞታ ነው እንጂ በአቅኚው አባት አይደለም። ወረቀቱ የመሬት ማስረጃነቱን አጥቶ መታሰቢያነቱን ብቻ ይዞ ቀረ። ምክንያቱ እንዲህ ካለፈ በኋላ ልማዱ ግን አላለፈም፤ ሣጥኑ እስከ ዛሬ ይቆለፋል። ባለ ቁልፉ ለምን እንደሚቆልፍ ቢጠየቅ «አባቴም ይቆልፈው ነበር» ከማለት በቀር የሚመልሰው ብዙ ነገር የለውም።

ምናልባት «እነዚህ ተራ ወረቀቶች ምን ጥቅም አላቸው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። አባ ባሕርይ በ1585 ዓ.ም. ገደማ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ አንዲት አጭር መጽሐፍ በግዕዝ ጻፈ። አገሩ በጦርነቱ ስለ ተዘረፈበት የጻፈው በወዳጅነት መንፈስ አልነበረም። ሆኖም የቦረናንና የባረንቱን ልጆች በየስማቸው ቆጠረ፤ የሉባዎቹንም ተራ መልባ፣ ሙደና፣ ኪሎሌ እያለ አሰፈረ። ስለዚህ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ የተነሡ የታሪክ ተመራማሪዎች ከሽማግሌዎች አፍ የሰሙትን ከእርሱ ጽሑፍ ጋር ለማመሳከር ቻሉ። የመዝገብ ጥቅም ከጸሐፊው ሐሳብ አልፎ ይሄዳል። ጭቃ ሹሙ ስም ያስጻፈው ግብር ለመሰብሰብ ነው፤ መምህሩም ስም የጻፈው ተማሪ ለመቆጣጠር ነው። የአንድ ገበሬ ስም ዛሬ ተፈልጎ የሚገኝበት ብቸኛ ቦታ ግን ያ ዝርዝር ሊሆን ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም ያ ክፍል ሳይሠራበት ቆይቶ፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ሕዝብ የሚታወቀው በእንደዚህ ያለው የተበታተነ ወረቀትና በሽማግሌዎች ቃል ነው።

ወረቀቱ ቢገኝም አነባበቡ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን አንርሳ። በቤቱ በኦሮምኛ ስም የሚጠራ ሰው በቤተ ክርስቲያን መዝገብ በክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ወይም ኃይለ ጊዮርጊስ ተብሎ ይገኛል። በአማርኛ የሌለውን የኦሮምኛ ድምፅ ዸን ጸሐፊው በደ ይጽፈዋል፤ ስለዚህ አንዱ ሰው በሁለት ወረቀት ሁለት ሰው ይመስላል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በኦሮምያ የሚጻፈው ደግሞ በቁቤ ስለሆነ፣ አያቱን የሚፈልግ ወጣት ሁለት ፊደል ማወቅ ያስፈልገዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የሴቶች ነገር ነው፤ ደረሰኙ በባል ስም፣ ሐረጉም በአባት ስም ስለሚሄድ እናት ከሁለቱም ትወድቃለች። በመንግሥት ወረቀት የሚጻፈው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ስለሆነ፣ ሽማግሌው ዐሥር ትውልድ በሚቆጥሩበት ስፍራ ወረቀቱ ሦስት ቆጥሮ ያቆማል። እንግዲያስ ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን ከወረቀቱ ጋር ማገናኘት፣ ያን ጊዜም የእናቶችን ስም አጥብቆ መጠየቅ ያሻል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በጽሑፍ ያለውም ካልጠበቁት አይወረስም። በፋሺስት ወረራ ዘመን ከአገራችን ቅርስና መዛግብት ብዙው ተዘርፏል። በየካቲት ወር 1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጹ፣ ኢጣልያ የወሰደቻቸውን የጥበብ ሥራዎች፣ ንዋያተ ቅድሳትና መዛግብት በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ግዴታ አስገብቷታል። መዝገብ ከንዋየ ቅድሳት ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር መቆጠሩን አስተውሉ። ባዕድ የወሰደውን በውል እንጠይቃለን፤ ምስጥና አይጥ የበሉትን፣ የክረምት ጠብታ ያበሰበሰውን ግን ከማን እንጠይቃለን? መድኃኒቱ ቅጂ ማብዛት ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ8,000 በላይ መጻሕፍት ቀርጾ ቅጂዎቹን በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ አስቀምጧል። ያን ጊዜ ልዩ መሣሪያ የጠየቀው ሥራ ዛሬ በመጠኑም ቢሆን በእጅ ስልክ ይሠራል።

እስከዚህ ድረስ የመጠበቅን ነገር አወሳን። የማካፈል ነገር ግን ከዚህ ይከብዳል። ሁሉ ለሁሉ ይከፈት ብንል የምንጎዳው ሰው አለና። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሯል፤ ስድቡ ግን ከአንዳንድ ሰው አፍ ገና አልተሻረም። በአሮጌ ወረቀት ላይ የተገኘች አንዲት ቃል፣ ሽማግሌ ሊላክላት የቀረበችውን ልጃገረድ ያለ በደሏ ልታሳፍራት ትችላለች። የጉዲፈቻም ነገር እንዲሁ ነው። በኦሮሞ ባህል በጉዲፈቻ የገባ ልጅ የአሳዳጊዎቹ ልጅ ነው፤ የሚቆጥረው የእነርሱን አባቶች ነው፤ ይወርሳልም። በሞጋሳም ባዕድ የነበረ ሰው በመሐላ የጎሳው አባል ይሆናል። እንግዲህ ሕዝቡ በመሐላ ያሰረውን፣ «እውነቱን አገኘሁ» የሚል መርማሪ በቀለም ሊፈታው መብት አለውን? እንደ እኛ አስተያየት የለውም። ሐረግ የደም ነገር ብቻ ሳይሆን የቃል ኪዳንም ነገር ነው፤ ቃል ኪዳኑን ትቶ ደሙን ብቻ የጻፈ ሰው ግማሹን እውነት ጽፏል።

ሌሎች ደግሞ «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለውን ተረት ጠቅሰው፣ ትውልድ መቁጠር ሕዝብን ይከፋፍላል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ በዘሩ የሚታበይ ሰው ብዙውን ጊዜ አጥብቆ ያልቆጠረ ሰው ነው። ሦስት አባት ቆጥሮ ያቆመ ሰው ራሱን ንጹሕ ዘር አድርጎ ይገምታል፤ እናቶችን ጨምሮ ዐሥር የቆጠረ ግን ከወንዝ ማዶ የመጣች አያት፣ በጉዲፈቻ የገባ ቅድመ አያት፣ በሞጋሳ የተቀላቀለ ወገን ሊያገኝ ይችላል። ዓባይን ገበያተኛውም ስደተኛውም ሲሻገረው የኖረ ወንዝ ነው።

ደግሞም በዘመናችን ትውልዱን የሚፈልግ ሰው ሁሉ ለኩራት የሚፈልግ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,000 በላይ የኢትዮጵያ ሕፃናት በጉዲፈቻ ተወስደዋል። ለውጭ አገር ሰዎች ልጅ መስጠት በሕግ የተከለከለው በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ነው። ከእነዚያ ሕፃናት አንዳንዶቹ ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል። ከእነርሱም እናቱን ለመፈለግ የሚመጣ አለ፤ በእጁ ያለው አንዲት ወረቀት ስትሆን በእርስዋ ላይ ያለው ስም ወይም ቀበሌ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ከመዝገብ ቤት ደጅ ቆሞ ሳለ ሳይፈለግ የሚባል «የለም» እናትና ልጅን ሁለተኛ ጊዜ የሚለያይ ቃል ነው።

እንግዲህ ልኩ ምንድን ነው? ሌሎች አገሮች በየበኩላቸው መፍትሔ ፈልገዋል። እንግሊዞች የሕዝብ ቆጠራ መዝገባቸውን 100 ዓመት ዘግተው ያቆያሉ፤ የ1921 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ለሕዝብ የተከፈተው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካኖች 72 ዓመት ይጠብቃሉ። በአይስላንድ ደግሞ የአገሩ ሰው ሁሉ ሐረግ በአንድ መዝገብ ተሰብስቦ፣ ዜጋው የራሱን አባቶችና የቅርብ ዘመዶቹን ያይበታል እንጂ የሰው ጓዳ እንዳሻው አይበረብርበትም። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጋ ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን የግል መረጃ ይጠብቃል። ሁለቱ ሕጎች ተቃራኒ መስለው ለሚታዩት ሰው የምንለው ይህ ነው፤ የመጀመሪያው «አትደብቅ» ይላል፤ ሁለተኛው «አትዝራ» ይላል፤ አደራ ጠባቂም ሁለቱንም ማድረግ ይገባዋል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው፤ የቆየ መዝገብ አደራ ነው፤ አደራም የጠባቂው ገንዘብ ሆኖ አያውቅም። ባለቤቱ ስሙ የተጻፈበት ሰው ነው፤ እርሱ ካለፈም ከእርሱ የተወለደውና በቃል ኪዳን ልጁ የሆነው ነው። የራሱን ወገን የሚፈልግ ሰው ሳይጉላላ ይታይለት፤ የሌላውን ሰው ነውር የሚፈልግ ግን መዝገብ አይገለጥለት። የሞቱት ታሪክ በጊዜው ይከፈት፤ በሕይወት ያለውን ሰው የሚነካው ከእርሱ ፈቃድ ውጭ አይውጣ። መሥሪያ ቤት አሮጌ ወረቀት ለማቃጠል ወይም ለመጣል ሲያስብ አስቀድሞ የአገሩን ቤተ መዛግብት ይጠይቅ። ሣጥን የቆለፈም አባወራ ዋናውን ከቤቱ ሳያወጣ ቅጂውን ይስጥ፤ በሰጠው ቅጂ ከርስቱ የሚጎድልበት ነገር የለም።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብለዋል አባቶቻችን። አደራን ማጥበቅ ማለት ግን ይዞ መቅረት ሳይሆን ባለቤቱ በመጣ ጊዜ ሳይጎድል ማስረከብ ነው። በግንደበረት ደጋም ሆነ ከዓባይ ማዶ፣ ዐሥር አባቶቻቸውን በቃላቸው የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች በየዓመቱ እያነሱ ነው። የእነርሱን ቃል ሰምቶ የሚጽፍ ልጅ፣ የጻፈውንም የሚያኖር መዝገብ ቤት፣ የኖረውንም ለሚገባው የሚያሳይ ሠራተኛ ዛሬ ካልተገኙ፣ ነገ የሚመጣው ጠያቂ የሚሰማው «የለም» ተፈልጎ የታጣ እውነተኛ «የለም» ይሆናል።