ጣራ የሚገባው ማነው?

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት የገባ ሰው፣ ወንጀሉ ምንም ይሁን ምን፣ ጣራ ያገኛል፤ የሚቀመስም አያጣም። ነፍስ ያጠፋውም ሆነ የመንግሥት ገንዘብ የበላው «ሌሊቱን ደጅ እደር» አይባልም። ኑሮው ኑሮ ነው ለማለት አይደለም፤ ከቤቱ ስንቅ የሚመጣለትና ጠያቂ የሌለው እስረኛ አንድ እንዳልሆኑ ምሳ ዕቃ ይዞ በር ላይ የተሰለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ይሁንና አንድ ሀቅ አለ። መንግሥት ጥፋተኛ ብሎ የፈረደበትን ሰው እንኳ ከጣራ በታች የማሳደር ግዴታ አለብኝ ብሎ አምኗል። ይህን አይቶ «መንግሥት ግድያን ደገፈ» የሚል ሰው ግን አልሰማንም።

እስኪ ይህን ይዘን ከአጥሩ እንውጣ። በ2004 ዓ.ም. «ዞን ዘጠኝ» ብለው መጻፍ የጀመሩት ወጣቶች ስሙን ያወጡት፣ ቃሊቲ ስምንት ዞን ካለው ዘጠነኛው ውጭ ያለነው ነን በማለት ነበር። እነሱ ያሰቡት የመናገር ነፃነትን ነው። እኔ ደግሞ በዚያው በዘጠነኛው ዞን ስላለ፣ ጣራ ስለሌለው እስረኛ ላንሣ።

ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ ነው እንበል። ወንድ እንደሚወድ ቤተሰቡ ደረሰበት። ወይም ሴት ልጅ ናት፣ ሴት እንደምትወድ ታወቀባት። «ልብስህን ይዘህ ከቤቴ ውጣ» ይባላል። ከዚያስ? አክስቱ ዘንድ እንዳይሄድ ወሬው ቀድሞታል። መታወቂያ ላሳድስ ቢል ቀበሌው የቤት ቁጥር ይጠይቀዋል፤ መታወቂያ ከሌለ ደግሞ ሥራውም፣ የኪራይ ቤቱም ያው የለም። የቀረው አልጋ ቤት ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ግን የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ፣ ግብረ ሰዶም ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን አስታውቆ ሕዝቡም እንዲጠቁም ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ አልጋ አከራይ ቢፈራ ምን ይደንቃል?

በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን በቀላል እሥራት ይቀጣል። ቀላል እሥራት በመሠረቱ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ልብ በሉ፣ ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ማስረጃም ይፈልጋል። አባት ግን ጠረጠረ፣ ፈረደ፣ ቀጣ፤ ለቅጣቱም ማብቂያ አላስቀመጠለትም። እንግዲህ ቅራኔውን እዩት፦ የተፈረደበት የሚያድርበት አለው፣ ያልተፈረደበት የለውም። (እሥር ይሻላል ማለቴ አይደለም። ይህ ወሬ እዚያ ውስጥ የተነሣበት ልጅ ምን እንደሚጠብቀው መገመት አያቅትም።)

«ማስጠጋት ማጽደቅ ነው» የሚሉኝ አሉ። እንጃ! በገጠራችን መሽቶበት ደጃፍ የቆመ መንገደኛ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ባለቤቱ «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩንም ያጥበዋል። ሰውዬው ሽፍታ ሊሆን ይችላል። ከማን ጋር ትተኛለህ ብሎ የጠየቀው ግን የለም። «ሰዶም» የሚለውን ቃል እንደ ድንጋይ የምንወረውርም ሕዝቅኤል ምዕራፍ 16ን ብናነብ ደግ ነበር። ነቢዩ የዚያችን ከተማ በደል ሲቆጥር ትዕቢትን፣ ጥጋብን፣ ድሃና ችግረኛን አለመርዳትን ያስቀድማል። ርኩሰትንም ያነሣል፤ አልደብቅም። የሚያነሣው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ፣ ከአፉ እየነጠቀ ሲቆጥብ ዓመታት የጠበቀ ድሃ እያለ ለእነዚህ ቤት ይታሰብ ወይ? መልሴ አጭር ነው፤ ሰልፉ ረጅም ነው ማለትና ከሰልፉ ውጣ ማለት ይለያያል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90፣ የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን መኖሪያ ቤት እንዲያገኙ የሚያስበው ኢትዮጵያውያንን ሁሉ ነው። እነዚህ ልጆች በመካከላቸው «ዜጋ» እየተባባሉ ይጠራራሉ። መሸሸጊያ ቃል ናት፤ እኔ ግን በሰማኋት ቁጥር የአንቀጹ «ሁሉ» ትዝ ይለኛል።

ኒውዮርክ ውስጥ አሊ ፎርኒ የተባለ ቤት አልባ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1997፣ በ22 ዓመቱ፣ መንገድ ላይ ተገደለ። ከአምስት ዓመት በኋላ በስሙ የተከፈተው መጠለያ ሲጀምር የነበረው አንድ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤትና ስድስት አልጋ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ታፔላ ሰቅሎ መክፈት አይታሰብም፤ ሕጉም ጎረቤቱም አያስቆመውም። ስለዚህ ጉዳዩ የመጠለያ ድርጅት መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሰውና የአንድ ፍራሽ ጉዳይ ይሆናል።

ክረምት ሲገባ ዶርም ይዘጋል። ሁላችን ሻንጣችንን ጠቅልለን ወደየቤታችን ስንበተን፣ «አንተስ ወዴት ነህ?» ሲሉት መልሱን የሚያድበሰብስ ልጅ አይጠፋም። ለምን እንደሆነ መመርመር አያስፈልግም። በቤቱ ለሁለት ወር አንድ ፍራሽ ማንጠፍ የሚችል ካለ፣ ለወላጆቹ «ጓደኛዬ ነው፣ አገሩ ሩቅ ነው» ብሎ ከወዲሁ ይንገራቸው፤ ሻንጣ ከተጠቀለለ በኋላ ጊዜ አይኖርም።