ስለ መብቃት

ባለፈው ዓመት፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የእህቴ ልጅ ለነፍስ አድንነት፣ እነሱ ላይፍጋርድ ለሚሉት ሥራ፣ ሲፈተን ከገንዳው ዳር ተቀምጬ አየሁ። ዕድሜው 16 ነው፤ ለዕረፍት ጊዜው ሥራ ፈልጎ ነው። ከፈተናዎቹ ዓይኔን የያዘው አንዱ ነው። በአሜሪካ ቀይ መስቀል ሥልጠና መግቢያ ላይ ተፈታኙ 20 ያርድ ይዋኛል፤ ጠልቆ ከገንዳው ወለል 10 ፓውንድ የሚመዝን ጡብ ያነሣል፤ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጡቡን በሁለት እጁ ይዞ፣ በእግሩ ብቻ እየቀዘፈ ይመለሳል፤ በመጨረሻም መሰላል ሳይነካ ከውሃው ይወጣል። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። ልጁ አገጩን ወደ ጣሪያው ቀስሮ፣ ውሃው ከንፈሩ ላይ እየወጣ እየወረደ፣ ጡቡን እንደ ሕፃን አቅፎ መጣ። የፈተነው ግን ጡቡ ሳይሆን የገንዳው ጠርዝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተንሸራትቶ በሦስተኛው ወጣ። አለፈ። ፎጣውን ሳቀብለው ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ «አጎቴ፣ ጡቡ እኮ አይታገልም» አለኝ።

ይህች ንግግር ብዙ ቀን አብራኝ ቆየች። ጡቡ የሰው ምትክ ሆኖ የተመደበ ዕቃ ነው፤ ምትክነቱ ግን ክብደቱ ላይ ያበቃል። በጣሉት ቦታ ይቆያል፤ አይደነግጥም፤ የደረሰለትን ሰው አንገት አንቆ ወደ ታች አይጎትትም። እየሰመጠ ያለ ሰው ያገኘውን ሁሉ መወጣጫ ለማድረግ ይሞክራል፤ ያገኘው ሊያድነው የመጣውን ሰው ቢሆንም። ሠልጣኞች ተንሳፋፊውን ቱቦ በራሳቸውና በሰውየው መካከል እንዲያደርጉ፣ ቢቻልም ከኋላው እንዲቀርቡ የሚመከሩት ለዚህ ነው። እንግዲህ በጡብ የሚለካው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ ነውር አይመስለኝም። ፈተናውን ለማጣጣል አይደለም። ጡብ ማውጣት ያቃተው ሰው ማውጣትም ያቅተዋል የሚለው ግምት ብዙ መንገድ ያስኬደናል። ጡብ ያወጣ ሁሉ ሰው ያወጣል የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኛ ደግሞ የምስክር ወረቀት ስናይ ሁለቱን አንድ አድርጎ የማየት ልማድ አለብን።

በአማርኛ ‹ብቃት› የምንለው ‹በቃ› ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ግሱም ብዙ ፊት አለው። ‹በቃ!› ስንል አለቀ፣ ተቆረጠ ማለታችን ነው። ‹በቃኝ› ያለ ሰው ጠግቧል፣ አለዚያም መሮታል። ‹የበቁ አባት› የሚባሉት ደግሞ በጸሎትና በተጋድሎ ከማዕረግ የደረሱት ናቸው። ከሁሉም ሥር ያለው አሳብ፣ እንደሚመስለኝ፣ ከአንድ ልክ መድረስ ነው። ብርቱ መሆን ለብቻው ሊቆም ይችል ይሆናል፤ መብቃት ግን ‹ለ› የምትለዋን ፊደል አጥብቆ ይፈልጋል። ለምን? ለየትኛው ውሃ?

መልሱ በየውሃው ይለያያል። በብሪታንያ የገንዳ ነፍስ አድን 50 ሜትር በ60 ሰከንድ እንዲዋኝ ይጠየቃል። እዚያው አገር አርኤንኤልአይ በተባለው የባሕር ነፍስ አድን ድርጅት ሥር ለባሕር ዳርቻ የሚቀጠረው ግን 400 ሜትር በ7 ደቂቃ ተኩል ከመዋኘቱ በላይ አሸዋ ላይ 200 ሜትር በ40 ሰከንድ ይሮጣል፤ ባሕር ላይ ሰው የሚሰምጠው ነፍስ አድኑ ከተቀመጠበት ወንበር ሥር አይደለምና። የአውስትራሊያ የባሕር ዳርቻ በጎ ፈቃደኞች ደግሞ ‹የብሮንዝ ሜዳሊያ› የሚባለውን የምስክር ወረቀታቸውን ለማግኘት ያንኑ 400 ሜትር ከ9 ደቂቃ በታች ይጨርሳሉ። አንዱ ተቀጣሪ፣ ሌላው በጎ ፈቃደኛ መሆኑን ስናስብ ቁጥሩ የሳንባ ጉዳይ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ድርድርም አለበት። ልኩን ከፍ ብናደርግ ወንበሩ ባዶ ይቀራል። ከኮቪድ ወዲህ በአሜሪካ ነፍስ አድን አጥተው የተዘጉ ወይም ሰዓታቸውን ያሳጠሩ ገንዳዎች ጥቂት አይደሉም፤ ባዶ ወንበር ደግሞ ማንንም አያወጣም።

የማዳኑ ሥራ የሚጀምረውም ከዋና በፊት ነው። ፍራንክ ፒያ የተባለ በኒው ዮርክ ኦርቻርድ ቢች ያገለገለ ነፍስ አድን፣ የሚሰምጡ ሰዎችን ቀርጾ ያስተዋለው ነገር ዛሬ በሥልጠና ይጠቀሳል። የሚሰምጥ ሰው እንደምንገምተው አይጮህም፣ እጁንም አያውለበልብም፤ አፉ ከውሃ ብቅ ስትል የምትበቃው ለመተንፈስ ነው እንጂ ለመጣራት አይደለም። ቀጥ ብሎ እንደቆመ እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ውሃውን ይጫናል፤ ይህም የሚቆየው ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ነው። ‹እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ› የሚለውን አባባል ለሰው ተንኮል ብቻ አድርጌ ነበር የማውቀው፤ ይህን ካነበብሁ ወዲህ ስለ ውሃውም ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። በጊዜ ያላየ ሰው ፈጣን ዋናተኛ መሆኑ ምን ይፈይዳል? ሆኖም በጠራራ ፀሐይ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳይሰለቹ ማየትን በሩጫ ሰዓት መለካት ቀላል አይደለም፤ ምናልባትም ጡብ ከፈተናው ያልወጣው የሚለካ ነገር በመሆኑ ይሆናል።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ሰዓቱ የሚቆመው ተፈታኙ ጠርዙ ላይ ሲወጣ ነው። ከባዱ ሥራ ግን እዚያው ጠርዝ ላይ ሊጀምር ይችላል። የወጣው ሰው የማይተነፍስ ከሆነ የአውሮፓ መመሪያ በ5 ትንፋሽ እንዲጀመር ያዛል፤ ከዚያ ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች መጫን ይከተላል። የራሱ እስትንፋስ የተቆራረጠበት ሰው ለሌላው ትንፋሽ ያበድራል ማለት ነው። ሰው ጎትቶ የደከመ አዳኝ ይህን ሥራ በሙሉ ጥራት ለመሥራት እንደሚቸገር ጥናቶች አሳይተዋል። እንግዲያው መብቃት ከልክ መድረስ ነው ያልሁትን ላርመው። እዚህ ላይ የሚፈለገው ከልኩ ደርሶ የሚተርፍ ነገር ነው፤ ሌላው ‹በቃኝ› በሚልበት ሰዓት ገና ያላለቀ ጉልበት።

ይህን ብዬም ልቤ አያርፍም። በልጅነቴ ላንጋኖ ሄደን ነበር። ውሃው ቡናማ ነው፤ እስከ ወገብ የገባ ሰው የራሱን ጉልበት አያይም፤ እዚያ የወደቀ ጡብ ወደቀ ነው። አንድ ወጣት ከዳር ጥቂት ራቅ ብሎ ውሃው ሲያሸንፈው ሁለት ጎበዞች ከነልብሳቸው ዘለው ገቡ፤ ወዲያው እነሱም የሚያወጣቸው የሚፈልጉ ሆኑ። ሦስቱንም ያወጧቸው ከዳር ያልተነቃነቁ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ባዶ ጀሪካን በገመድ አስረው ወረወሩ፤ ያላገኘ እንደሆነ እየሳቡ ደግመው ወረወሩ። እኚያ ሰው 20 ያርድ መዋኘታቸውን እንጃ። ዓይናቸው፣ ጀሪካናቸውና አለመቸኮላቸው በየትኛው ሰንጠረዥ ይገባ ነበር? ገመዱ ባይደርስስ ኖሮ? ያኔ ያው ጡብ አውጪው ልጅ ያስፈልግ ነበር፤ ስለዚህ የሽማግሌውን ታሪክ በፈተናው ላይ ለመመስከር አላቀርበውም። ጎን ለጎን ሳያቸው ብቻ ሁለቱም ግማሽ ሆነው ይታዩኛል።

በቀደም ለእህቴ ስደውል ልጆቹ ገንዳ ናቸው አለችኝ። ትልቁ ከጡቡ ይልቅ ታናሽ ወንድሙን መጎተት ጀምሯል አሉ፤ ታናሽየውም በደንብ እንዲታገል ታዟል። ጎትቶ ካደረሰው በኋላ ጠርዙን በአንድ ጊዜ ይወጣው እንደሆነ ጠየቅኋት። «እሱን እንኳ አላየሁም፣ ስትመጣ እይ» አለችኝ።